አማትን ማሻገር

ዐወድ ያን ሐሙስ ጠዋት የማገዶውን ሸክም ከአማቱ አጥር ሥር ጥሎ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ መንገዱን ቢቀጥል ኖሮ ምንም አይሰማም ነበር። ወጉም እንደዚያ ነው። አማች እንጨቱን ከአጥር ውጭ ይጥላል፣ መጥቼ ነበር ለማለት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። ግን የሸክሙ ገመድ ከትከሻው ጨርቅ ጋር ተጠላለፈበትና እሱን ሲፈታ ቆየ። በቀርከሃው አጥር ውስጥ አማቱ ጣሂራ ለጎረቤቷ ለዐዋጢፍ ታወራላታለች፤ የጣሂራን ድምፅ ደግሞ እንኳን ቀርከሃ ድንጋይም አይመልሰው። «የሰው አማች እርሻ ይጠብቃል፣ ከብት ይጠብቃል» አለች። «የእኔው ውሃ ይጠብቃል። ውሃን ማን ሊሰርቀው ነው?» ዐዋጢፍ ሳቀች። ዐወድን ከቃሉ ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገበው።

ቀጥሎ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጣሂራ ዛሬ ወንዙን ልትሻገር ነው። ለገበያ ብላ ቅሎቿን አዘጋጅታለች፣ ዋናው ጉዳይዋ ግን ማዶ ያለው ወንድሟ ሙርሳል ነው። ሙርሳል የቤተሰቡ ታላቅ ስለሆነ ጋብቻ ሲታሰርም ሲፈታም የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። የልጄን የኢቲዳልን ጋብቻ አፍርስልኝ ልትለው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት አርባ ፍየል ያለው ሰው ጠይቋታልና። ሙርሳል እህቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። አንዳንዱ ከፍቅሩ የተነሳ ነው ይላል፣ የሚያውቋት ግን ጭቅጭቋን ፈርቶ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ጣሂራ ዛሬ ከወንድሟ ዘንድ ከደረሰች ዐወድ ከነገ ጀምሮ ሚስት የለውም። ገመዱን እንደተጠላለፈ ትቶት ሄደ፤ ጉሮሮውን መጥረግም ረሳ።

ኢቲዳል ከቤቱ ከወጣች ሃያ ቀን ሆኗል። ተጣልታ አይደለም የወጣችው። እናቷን ንዳድ ይዟት ልታስታምም ሄደች፤ ንዳዱ ጣሂራን በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፣ ጣሂራ ግን ኢቲዳልን አልለቀቀችም። ዐወድ ሽማግሌ ላከ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ዶሮ ተጋብዞ ተመለሰና የወጡን ነገር ሲያወራ አመሸ፤ የሄደበትን ጉዳይ ሲጠየቅ «እሱንማ ሳላነሳው መሸ» አለ። ሁለተኛው፣ ጣሂራ የአማቿን ጤና በጣም አድርጋ መጠየቋን ይዞ መጣ። ሦስተኛው በዚያው ወደ ሠርግ አልፎ እስካሁን አልተመለሰም። ዐወድ አሁን የሚያድረው ዳር እስከ ዳር በሰፋበት ጎጆ ውስጥ ነው። የኢቲዳል ምንጣፍ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ወፍጮዋ ላይ ሸረሪት አድርቷል፣ የባሚያው ዱቄት ቅሉ ውስጥ እንዳለ ነው። ገንፎ ማገንፋት አያውቅም። አንድ ቀን ሞክሮ የወጣለትን ነገር የጎረቤት ውሻ አሽትቶ አልፎታል።

ለምን ራሱ ሄዶ አማቱን አያነጋግራትም የሚል ሰው ካለ የበርታን ወግ የማያውቅ ነው። አማት አትታይም። ስሟ አይጠራም። መንካትማ ወሬውም አይነሳ። ዐወድ ኢቲዳልን ካገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ የአማቱን ፊት አንድ ቀን አላየም። የሚያውቃት በድምጿና በእግሯ ነው። የቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት ተጣማ በሌላዋ ላይ የወጣች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የነሐስ አልቦ ያላት ሴት ከመጣች ዐወድ መንገዱን ለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። እሷም ብትሆን እሱን ከሩቅ ካየች የምትከናነበውን ሰፊ ጨርቅ፣ ቶቧን፣ ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትዞራለች። ሁለቱንም በዚህ ማንም አይወቅሳቸውም። እንዲያውም በከተማዋ ውስጥ ደህና አማትና አማች የሚባሉት እነሱ ነበሩ።

ከተማዋ ከአሶሳ ወደ ወለጋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ የዳቡስን ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ስድሳ ጎጆ አትሞላም፤ ነዋሪዎቿ ግን ከተሜ ነን ይላሉ። ጨው የሚመነዘርበት፣ ቆዳ የሚለፋበት፣ ሐሜት ሳይበርድ የሚደርስበት ቦታ ከተማ ካልተባለ ምን ይባል? ገበያው ማዶ ነው፣ የመንግሥት ኬላም ማዶ ነው። ሰዉ ጠዋት በታንኳ ይሻገራል፣ ማታ በታንኳ ይመለሳል፤ ዋጋው ለአንድ መንገድ አንድ እፍኝ ማሽላ ነው፣ ፍየል ያለው ሁለት እፍኝ ይከፍላል። ባለፈው ክረምት አንዷ ታንኳ አሥራ ሰባት ሰውና ሁለት ፍየል ጭና ተገለበጠች። ሰው አልሞተም። ፍየሎቹ ሰጠሙ፣ የማን ነበሩ የሚለው ጠብ ግን እስካሁን አልሰጠመም። ያን ጊዜ ኡምዳው፣ ማለት የመንደሩ ሹም፣ ተቆጣና ሕግ አወጣ። ታንኳ ያለ ዘበኛ አይንቀሳቀስም። ከአሥር ሰው በላይ አይጫንም። ማንም አይቆምም፣ እጁንም ውሃ ውስጥ አያደርግም፤ አዞ አለ። የተጣላ ሰው ማዶ ደርሶ ይጣላ። ዘበኛው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑን ከተሳፋሪው ላይ አይነቅልም።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ዐወድ ነበር፣ መዋኘት ስለሚችልና ስለማይቸኩል። ጦር ተሰጠው፣ ሲነሱና ሲደርሱ የሚነፋው ቀንድ ተሰጠው፣ ደመወዙ በገበያ ቀን ሁለት ቅል ማሽላ ሆነ። አሥር ጠጠር አለው። ሰው በተሳፈረ ቁጥር አንዱን ከቀኝ ከረጢት ወደ ግራ ያዛውራል፤ ሲወርዱ ይመልሳቸዋል። ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ ውሃ አልነካውም። ዐወድ በዚህ ይኮራ ነበር፣ ግን ያልሆነን ነገር ማን ያመሰግናል? ሌባ የያዘ ይሞገሳል፤ ሌባ ያልመጣበት ዘበኛ ሲያንቀላፋ ዋለ ይባላል።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ታንኳ ቀዛፊው ኻሚስ ረጅሙን ዘንግ ተደግፎ ይጠብቀው ነበር። ኻሚስ የልጅነት ጓደኛው ነው፣ ዐወድም የሰማውን አንድ ሳያስቀር ነገረው። ኻሚስ ትንሽ አሰበና መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ታንኳዋ የእኛ፣ ቆጠራው የእኛ፤ ዘጠኝ ሰው ሲሞላ አሥር ነው እንላለን፣ ሴትዮዋ ለሚቀጥለው ሐሙስ ትቀራለች፣ እስከዚያ ፍየል ያለው ሰውዬም ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። ዐወድ አሥሩን ጠጠር በመዳፉ ላይ አገላበጣቸው። እውነቱን ለመናገር ልቡ ከጅሎ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው። ግን አንድ ጊዜ በሐሰት የቆጠረ ዘበኛ ነገ አሥራ አንደኛውንም አሥር ነው እንደማይል ምን ዋስትና አለ? ደግሞስ በስርቆት የቀረች ሚስት የሱ ሚስት ናት? አልችልም አለው። ኻሚስ ተናደደና «እንግዲያው ራስህ ቀዝፈህ አድርሳት» ብሎ ጀርባውን ሰጠው።

የፈሩት ይደርሳል። ዘጠኙ ተሳፍረው ሲያበቁ ያቺ የተጣመመች ጣት ከነአልቦዋ አሸዋው ላይ መጣች። ዐዋጢፍ ቀድማ ገብታለች፤ የጨው ነጋዴው ጁምዓም ጨውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ጣሂራ በወገቧ ዙሪያ ለሽያጭ የያዘቻቸውን ስምንት ባዶ ቅሎች በገመድ አሥራለች፣ በብብቷ አንዲት ቀይ ዶሮ ይዛለች። ዐወድ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ አሥረኛውን ጠጠር ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። የዚያን ዕለት የዚያችን ጠጠር ያህል የከበደው ነገር የለም። ከዚያ በመደበኛ ቦታው በታንኳዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ፤ ግን ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ሳይሆን ወደ ወንዙ አዞረ። ምን ያድርግ? ዓይኑን ከተሳፋሪው እንዳይነቅል ኡምዳው አዝዟል፣ አማቱን እንዳያይ ደግሞ አባቶቹ አዝዘዋል፤ ኡምዳው የተሾመ ትናንት ነው።

ጁምዓ ተቃወመ። ማሽላዬን የከፈልኩት ለሚጠብቀኝ ዘበኛ ነው፣ ይሄ ሰውዬ የሚያየው ጉማሬ ነው እንዴ አለ። ዐዋጢፍ ጎንበስ ብላ አማቱ ታንኳ ላይ እንዳለች በጆሮው ነገረችው። ጁምዓ ወዲያው ነገሩን ተወ፤ ይህን የሚቃወም ሰው በዚያ አገር አልተወለደም። ዐወድ ቀንዱን ነፋ፣ ኻሚስ በዘንጉ ገፋ፣ ታንኳዋ ለቀቀች። ውሃው በኅዳር ገና ሙሉ ነበር፣ ቀለሙም ገና አልጠራም።

በአማትና በአማች መካከል ቃል የግድ ካስፈለገ በሦስተኛ በኩል ይተላለፋል። ሕፃን ካለ ለሕፃኑ ይነገራል፣ ሕፃን ከሌለ ለውሻ፣ ውሻ ከጠፋም ለቤቱ ምሰሶ። ጣሂራ ከዳር ትንሽ እንደራቁ ዶሮዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዶሮዬ» አለች «ዛሬ ማዶ ስንደርስ ለወንድሜ ምን እንደምነግረው ታውቂያለሽ?»

 ዐወድ ጦሩን አቀፈና ለጦሩ ነገረው፤ አንድ ሰው ሃያ ቀን ሙሉ ሚስቱን የሚጠብቀው ምን በድሎ እንደሆነ ጠየቀው። ጣሂራ ለዶሮዋ በደል እንደሌለ፣ ግን የዘበኛ እርሻ አረም እንደሚበላው፣ ቤቱም እንደማይሞላ አስረዳቻት። ዐወድ ለጦሩ፣ አረሙን የዛሬ ሳምንት ነቅሎ መጨረሱን፣ ማሽላውም እሸት መያዙን ነገረው። ጣሂራ ለዶሮዋ፣ አርባ ፍየል እንደ አረም አይነቀልም አለቻት። ዐወድ ለጦሩ፣ ፍየል ሚስት ስትታመም ውሃ አያቀብልም አለው። ተሳፋሪው አንዴ ዶሮዋን አንዴ ጦሩን ያያል። ጁምዓ መጀመሪያ ዶሮዋ ልክ ናት ብሎ ነበር፤ ቆየት ብሎ ጦሩም እውነት አለው አለ። ኻሚስ መቅዘፉን ረስቶ ታንኳዋ ወደ ታች ትንሸራተት ጀመር።

«ዶሮዬ፣ ለማንኛውም ልጄ ስሙን ካነሳች ሃያ ቀኗ ነው» አለች ጣሂራ። «ረስታዋለች።»

 ዐወድ ውሃውን አየ። ከሁሉ የፈራው ይህን ነበር፤ አርባ ፍየልም ሙርሳልም ይህን ያህል አላስፈሩትም። ሃያ ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልላከችበትም፣ እሱም ለራሱ ሰው በዝቶባት ነው፣ እናቷን ፈርታ ነው እያለ ቆይቷል።  ያን ጊዜ ዐዋጢፍ፣ ጠዋት በሱ ላይ የሳቀችው ዐዋጢፍ፣ አላስችል አላት።

«ጣሂራ፣ ለዶሮ መዋሸትም ውሸት ነው» አለች። «ልጅቷ ገንፎ አልወርድ ብሏታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጥሩ ሥር ቆማ የታንኳውን ቀንድ ትጠብቃለች። ካልሰማችው አትተኛም።»

ዐወድ ደስታው አናቱ ላይ ወጣ። ሰው ናፍቃሃለች ሲባል ወደ ነገረው ሰው ይዞራል፤ እሱም ወግ መኖሩን፣ ዘበኛ መሆኑን፣ አማቱ ከኋላው መቀመጧን ሁሉ ረስቶ «እውነት?» ብሎ ዞረ። ግማሽ ዙር ነው የዞረው። ጣሂራ ግን ፊቷ ተገልጦ ነበርና፣ ዓመት ከመንፈቅ የተጠበቀ ክብር በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ መሆኑን አየች። ቶቧን ለመሳብ ብድግ አለች። ታንኳ ላይ መቆም ክልክል ነው ብሎ የሚከለክላት ዘበኛ ራሱ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ ነበር። ታንኳዋ ወደ ቀኝ ዘመመች፣ የጁምዓ ጨው ተንከባለለ፣ ጣሂራ ከነዶሮዋ ከነቅሎቿ ዳቡስ ውስጥ ገባች።

ቅሎቹ ባይኖሩ ኖሮ ነገሩ ባላሳቀም ነበር። ስምንት ባዶ ቅል ወገቧ ላይ የታሠረ ሰው አይሰጥምም፤ ጣሂራም እንደ ቡሽ ብቅ አለችና ወንዙ ቁልቁል ይወስዳት ጀመር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ከታች ግን የአሸዋው ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ሁልጊዜ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ትልቅ አዞ አለ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ላይ ወደ ደሴቱ አየ። አዞው በቦታው አልነበረም። ይህም ከመኖሩ ይልቅ አስፈራ።

ዐወድ ቆመ። መዋኘት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ግን እንዴት? ሊያያት አይችልም፣ ሊነካትም አይችልም። እንደዚያ ቆሞ ያሰበበት ጊዜ ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው፤ ለሱ ግን ሦስት ዓመት ሆነበት። ከዚያ የጥምጥሙን ጨርቅ ፈታ፣ ዓይኑ ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ ከኋላ አሠረውና፣ እንደ ዕውር ሆኖ አዞ ያለበት ውሃ ውስጥ ዘለለ። ታንኳዋ ላይ ያሉት መንገድ ይመሩት ጀመር። ኻሚስ ወደ ግራ አለ። ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሴቶች ወደ ቀኝ አሉ፤ የሱ ግራ ለነሱ ቀኝ ነበርና ሁሉም ልክ ነበሩ። ዐወድ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ዋኘ። እጁ ላባ ነካ፤ ያዘና ወደ ጫጫታው ወረወረ፣ ዶሮዋ ጁምዓ ጭን ላይ አረፈች። ቀጥሎ አንድ የተበጠሰ ቅል ያዘ፤ እሱንም ወረወረ። ጣሂራ ከሩቅ ይህን ሰው በቶሎ እንዲመጣ ንገሪው እያለች ዶሮዋን ትጣራለች፤ ዶሮዋ ግን ውሃ ጠጥታ አንገቷን ጥላ ነበር። የሚያስተላልፍ አልነበረም። ውሃው አንድ ጊዜ ፊቷን ሸፈነው፣ ተመለሰ፣ ሁለተኛ ሸፈነው።

«ዐወድ» አለች ጣሂራ።

 አማት የአማቿን ስም ስትጠራ የሰማ ሰው ታንኳዋ ላይ አልነበረም። ዐወድ ግን ግራና ቀኝ መስማቱን ትቶ ወደ ድምፁ በቀጥታ ዋኘ። ያ ድምፅ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም፣ ዓመት ከመንፈቅ በአጥር በኩል ለምዶታል። እጁን ሲዘረጋ የተንሳፈፈ የቶብ ጫፍ አገኘ። ጫፉን ክንዱ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመና እየሳበ ተመለሰ፤ የነካው ጨርቅ ነው፣ ሥጋ አልነካም። ኻሚስ ታንኳዋን አቀረበለት፣ ሴቶቹ ጣሂራን በብብቷ ይዘው አወጧት። ዐወድ የታንኳዋን አፍንጫ ይዞ እስከ ማዶ በውሃ ውስጥ ሄደ፤ የዓይኑን ጨርቅ የፈታው አሸዋው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ነው።

ማዶ ታፈረ ይጠብቃቸው ነበር። ታፈረ ከወንበራ በኩል የመጣ የኬላው ወታደር ነው፤ የወረደውን ሰው እየቆጠረ በዱላ ላይ ምልክት ይቀርፃል። ጩኸት ሰምቷል፣ አሁን ደግሞ የምትንጠባጠብ ሴትና የሚንጠባጠብ ዘበኛ ያያል። ማን ነው የወደቀው ብሎ ጠየቀ። ኻሚስ ከኬላው ወታደሮች የለቀማትን አማርኛ አወጣ።

«ጌታዬ፣ ሴትዮ አልወደቀም» አለ። «ሴትዮ ታጠበ።»

«ወንዝ መካከል?»

«ሙቀት ነበረ።»

ታፈረ ወደ ዐወድ ዞሮ የሴትዮዋን ስም እንዲናገር አዘዘው። ዐወድ አሸዋውን አየ። ታፈረ ደገመ። ዐወድ አፉን ከፈተና ዘጋው፣ ስሙ ምላሱ ላይ እያለ አልወጣም። ወታደሩ ነገሩ መንግሥትን መናቅ መስሎት ፊቱ መቅላት ሲጀምር ዐዋጢፍ እጅጌውን ጎተት አድርጋ፣ በምልክትም በቃልም፣ አንዴ ዐወድን አንዴ ጣሂራን እያሳየች አስረዳችው። ታፈረ ቀስ በቀስ ገባው። ወንበራ ላይ እሱም አማት አለችው፤ ከአገሩ የወጣበትን ምክንያት ለማንም ነግሮ አያውቅም። አሥር ሰው ተሳፍሯል፣ አሥር ሰው ወርዷል። «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ምንም አላየሁ» አለና አሥር ምልክት ቀርፆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዐወድ የዋለው ታንኳዋን ተደግፎ ነው። ፀሐይ ልብሱን አደረቀችለት፣ ልቡን ግን አላደረቀችም። ሙርሳል እህቱን ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አግኝቷታል፤ ዐወድ ወደዚያ ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ኻሚስ አየለት። ተቀምጠዋል አለው። ሴትዮዋ ቶቧን ትጨምቃለች። ሙርሳል ሰሊጥ ይቆረጥማል። አሁን ታወራለች። አሁን ዝም አለች። አሁን እሱ ጠየቃት። አልመለሰችም። ሁለቱም ዝም ብለዋል። ኻሚስ ዓይኔ ደከመ ብሎ እስኪተኛ ድረስ ዝም እንዳሉ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ጣሂራ ስድስት ቅል እያንዳንዱን በሁለት እፍኝ ጨው ሸጠች። ዶሮዋን ግን የጠየቃት ሁሉ ውሃ የገባበት ዶሮ ነው እያለ ዋጋ ሲያወርድባት ተናዳ መልሳ አቀፈቻት።

ማታ ሲመለሱ ጣሂራ ከኋላ ከኻሚስ እግር ሥር ተቀመጠች፣ ዐወድም ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ለዶሮዋም ለማንም አልተናገረችም።  ዐወድ ከዚህ ዝምታ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያለቀ ጉዳይ ወሬ አያስፈልገውም። ሲደርሱ ቀንዱን ነፋ። ጠጠሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ መለሰና፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ማንም ወደማይጠብቀው ቤት ለመድረስ ስለማይቸኩል በዙሪያው መንገድ ሄደ።

ከጎጆው ክዳን ላይ ጭስ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ እሳት የተነሳበት መስሎት ሮጠ። ኢቲዳል ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ገንፎ ታማስላለች፤ ምንጣፉ ተዘርግቷል። ዐወድ በሩ ላይ ቆመ። እሷም ቀና ብላ አየችው፣ ግን ማማሰሏን አላቆመችም፤ ገንፎ ካቆሙት ይጓጉላል።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለች በመጨረሻ። «ልብሱ ርሷል፣ ሂጂ አድርቂለት አለችኝ።»

ዐወድ ልብሱ ከቀትር ጀምሮ ደርቆ ነበር። አልነገራትም። አጠገቧ ተቀመጠና እናቷ ለሙርሳል ምን እንዳለችው ጠየቃት።

«ለልጄ ባል ጉዳይ ነው የመጣሁት አለችው። ከዚያ ብዙ ሰዓት ዝም አለች። አጎቴ ሲያጨንቃት ጊዜ፣ ወንዝ ውስጥ ወድቄ ነበር አለች።» ኢቲዳል ማማሰያውን አነሳች። «እሱ አላየኝም፤ እኔ ግን ሲፈልገኝ አየሁት አለችው።»